የቦኖው ሰሌዳና እኔ

ማክሰኞ፣ ግንቦት 9/75። ጠዋት።

ዛሬም አዘዋወርኳቸው። የእትዬ ዘነበችን የተሸነቆረ ሳህን አንስቼ ከእትዬ ብርቄ ድንጋይ ጎን አስቀመጥኩት። ሁለቱ ከገና ወዲህ ተኳርፈዋል። ውሃው እስኪደርሳቸው ትከሻ ለትከሻ ቆሙ። አንዷ ሰማይ ሰማይ ታያለች፣ አንዷ መሬት መሬት። እኔ ከአጥሩ ጀርባ ሆዴን ይዤ።

አጅሬ ደብተር፣ አንተ ውሃ ቀድተህ ስለማታውቅ ላስረዳህ። እዚህ ነፋስ ስልክ ቦኖው ጋ ሰው አይሰለፍም፣ ድንጋይ ነው የሚሰለፈው። ውሃው መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ሰው ሳይነጋ ወጥቶ ድንጋዩን፣ ጣሳውን፣ የቀረችውን አንድ እግር ጫማ ደርድሮ ቤቱ ይገባል። ጋሽ ወልዴ ቧንቧውን ሲከፍቱ ሁሉም ጀሪካኑን ይዞ ወደየድንጋዩ ይሮጣል። የኛ ቤት ቁራጭ ብሎኬት ናት። የነዘይነባ ሰማያዊ የተቀባ ድንጋይ ነው። አባቷ ባለሱቅ አይደሉ፣ ቀለም አያጡም። የትኛው የማን እንደሆነ እንደኔ የሚያውቅ የለም። ሙያዬ ነው።

ያናደደኝ ግን ግርማ አለመሳቁ። ከሕፃንነታችን ጀምሮ እኔ ሳዘዋውር ዘብ የሚቆም እሱ ነው። ዛሬ ቁጢጥ ብሎ ወረቀት ላይ ይጭራል። ምንድነው አልኩት። ሰው የሚጣላው የቱ ጋ እንደሆነ እያየሁ ነው አለኝ። ሲጣሉ ማየት እኮ አብረን የምናደርገው ነገር ነበር! አሁን በወረቀት ሆነ።

እዚያው ቀን። ከት/ቤት መልስ።

ለካ ግርማ ጠዋት የሚጭረው ወሬው ቀድሞ ደርሶት ነው። ቲቸር አሰፋ፣ የእጅ ሥራ አስተማሪያችን፣ አዲስ ነገር አመጣ። በቡድን ሆናችሁ ቀበሌው ውስጥ ውጡ፣ ሰው የሚቸገርበትን እዩ፣ ጠይቁ፣ ንድፍ አውጡ፣ ከወዳደቀ ዕቃ ሥሩ፣ ሞክሩት አለ። ቡድን ከሦስት ሰው አይበልጥም። ግንቦት መጨረሻ እሁድ በቀበሌው አዳራሽ ሕዝብ ፊት ይቀርባል። ካሸነፈው ቡድን አንድ ሰው ክረምቱን ብረታ ብረት ወርክሾፕ ገብቶ ሙያ ይለማመዳል። አንድ ሰው ብቻ።

ዳምጤ ከኋላ ወንበር ነቅቶ ጥያቄው ከስንተኛው ምዕራፍ ነው አለ። ክፍሉ ሳቀ። ቲቸር አልሳቀም።

"ሥራ ቦታ ስትገቡ ጥያቄ ጽፎ የሚሰጣችሁ የለም። ችግሩን ፈልጋችሁ የምታገኙት እናንተ ናችሁ" አለ።

እኔም አልሳቅኩም። ጉድ በል። አምና ሚኒስትሪ ወደቅኩ። ዘንድሮ ስምንተኛን እየደገምኩ ነው። ዘንድሮም ከወደቅኩ እናቴ ለቡ ያሉት አጎቴ ዘንድ ትልከኛለች፤ አጎቴ ድንጋይ ፈላጭ ናቸው። ወርክሾፕ ከገባሁ ግን ያቺን ጥቁር መነጽር አድርጌ ብረት ከብረት አጣብቃለሁ። ብልጭታው ሲረጭ ታየኝ። አብረን ነን፣ እኔና ግርማ። እሱ ይነድፋል፣ እኔ እሠራለሁ። አለቀ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 10።

አላለቀም።

ግርማ ዘይነባን ይዞ ተመዘገበ። ሁለት ብቻ። ሦስተኛው ቦታ ባዶ ነው። ከኔ ባዶውን መረጡ!

ለምን ብዬ ጠየቅኩት። ሽንት ቤት አጠገብ፣ ሰው እንዳይሰማ። እንደ ሌላ ጊዜ ቀልዶ ቢያልፍ ይሻለኝ ነበር። ዓይኔን አይቶ፣ ረጋ ብሎ፦

"ተካ፣ አንተ ካለህ ሰው ገና ሳንናገር ይስቃል።"

ይሄን ነው ያለኝ። እኔን ነው። የብስክሌት ጎማ ያስነዳሁት፣ ዋና ያስተማርኩት፣ የመጀመሪያዋን ሲጋራ ያስሳልኩት።

ከዛሬ ጀምሮ ሙሉ ስሙን አልጽፍም። ቀለም ማባከን ነው። ግ. ይበቃዋል።

ዘይነባ ደግሞ! የዛሬ ወር እኔ ቲቸር አሰፋን ሳስመስል ወንበር ላይ ተንፈራፍራ የሳቀች ልጅ። አሁን የግ.ን ማስመሪያ ትይዛለች። በማን እንደምቀና እንኳ ለይቼ አላውቅም፤ እሷን በወሰደው በሱ ነው ወይስ እሱን በወሰደችው በሷ። በሁለቱም ልቅና። ትርፍ አለኝ።

ዓርብ፣ ግንቦት 12።

የኔ ቡድን፦ እኔና ዳምጤ። ዳምጤ ስብሰባው ላይ ተኛ።

ሐሳቡ የኔ ነው። ጭቃ መፋቂያ። ነፋስ ስልክ ከሰኔ እስከ መስከረም ምን እንደሆነች ይታወቃል፤ ሰው ጫማው ላይ ግማሽ ኪሎ መሬት ይዞ ነው ቤቱ የሚገባው። የቆየ የአካፋ ምላጭ በሁለት እንጨት መሃል ቸንክሬ ት/ቤቱ በር ላይ ተከልኩት። ጫማህን ሰካ፣ ሳብ፣ ጭቃው ወረደ። ቆንጆ ነው። የእውነት ቆንጆ ነው።

ቲቸር አየው፣ ዞረው፣ ነካካው። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም አለ። አሁን ግን ጭቃ የለም፤ ያለ ጭቃ እንዴት ትሞክረዋለህ? ክረምት ይመጣል አልኩት። እሱ ሳይመልስልኝ ዳይሬክተሩ ከቢሮ ወጡ። ሽቅብ እያዩ ነው የሚሄዱት። ሱሪያቸው ምላጩ ላይ ቀረ።

ት/ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ሆን ብሎ ነው አሉ። ማንም አላመነኝም። ግ. እንኳ "አቤት አንተ" የሚል ዓይነት አየኝ። አጅሬ፣ እውነቱን ላንተ ብቻ፦ ይሄኛው ቀልድ አልነበረም።

መፋቂያው ተነቀለ።

ሰኞ፣ ግንቦት 15።

በነግ. ግቢ አጥር ቀዳዳ አየሁ። ልሰልል አይደለም፤ በዚያ ሳልፍ ነው። ደጋግሜ አለፍኩ።

የዘይት ቆርቆሮ ቆርጠው ቆርጠው ቁራጭ አድርገውታል፣ መዳፍ የሚያክል። እያንዳንዱ ላይ የቤት ቁጥር ይጽፋሉ። ዘይነባ ናት የምትጽፈው፣ በአባቷ ሰማያዊ ቀለም፣ ምላሷን አውጥታ። ግ. ሣንቃ ላይ ምስማር በረድፍ ይመታል። ሲመታ ምስማሩን የምትይዝለት እሷ ናት። ጣቷን ይመታዋል ብዬ ጠበቅኩ። አልመታውም።

አንድ ነገር አላት። ሳቀች። ምን እንዳላት አልሰማሁም። ቀልድ አያውቅም እኮ! ቀልድ የኔ ነው። መዶሻም፣ ንድፍም፣ ቲቸርም ይኑረው፤ ሳቁን እንኳ ቢተውልኝ ምን ነበር።

ቤት ገባሁ። እናቴ ግርማን አየኸው፣ ለሰፈሩ እኮ ነው የሚለፋው አለችኝ። ራቴን ሳልጨርስ ተነሳሁ። ጨጓራዬ ነው አልኳት።

ሐሙስ፣ ግንቦት 18።

ሰሌዳው ተሰቀለ። ቦኖው ግድግዳ ላይ። ሕዝቡ ከቦ ያያል፣ ምነው ቴሌቪዥን የመጣ መሰለ።

እንዲህ ነው፦ ለእያንዳንዱ ቤት ቁጥሩ ያለበት አንድ ቆርቆሮ ተሰጥቷል። ቀድሞ የመጣ መጀመሪያው ምስማር ላይ ይሰቅላል፣ ቀጥሎ የመጣ ቀጥሎ፣ ከዚያ ቤቱ ይሄዳል። ውሃ ሲመጣ ጋሽ ወልዴ ከፊት ጀምረው ቁጥር ይጠራሉ። አንድ ቆርቆሮ፣ አንድ ጀሪካን። ድንጋይ የለም፣ ሩጫ የለም፣ ግፊያ የለም።

እውነት ሠራ። ማንም አልተሰዳደበም። እትዬ ዘነበች እንኳ ዝም ብላ ቀድታ ሄደች፤ እኔ ሳውቃት ለመጀመሪያ ጊዜ።

ቆርቆሮ ላለዋውጥ ሞከርኩ። ጋሽ ወልዴ በከዘራቸው ጫፍ እጄን ነካ አደረጉኝ። ሰሌዳው ፊት ወንበር አስመጥተው ተቀምጠዋል፣ እንደ ባንክ ዘበኛ።

ዘይነባ ጀሪካኗን ይዛ ስታልፍ ቆም አለች።

"ምነው ተካ፣ ሥራ ፈታህ?"

ጣሳ እየለጋሁ ሄድኩ። እኔ! ቤት ስደርስ ጥሩ መልስ መጣልኝ። ምን ያደርጋል።

ሰኞ፣ ግንቦት 22። ጠዋት።

ጎህ ሲቀድ ጩኸት። እትዬ ብርቄ መርዶ ተነገራት። ትልቁ ልጇ ነው፣ በላይ። መርዶው ከየት እንደመጣ አልጽፍም፤ የት እንደዘመተ ሁሉም ያውቃል። ኳስ ያለ ጫማ ይመታ ነበር። አንዴ ትከሻው ላይ አድርጎ ጎርፍ አሻግሮኛል።

ድንኳን እየተተከለ ነው። እንጨት ልሸከም ሄድኩ። ዛሬ ስለማንም አልጽፍም።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 23።

ዛሬ ግን እጽፋለሁ።

ለቅሶ ቤት ውሃ አለቀ። ድንኳኑ ሙሉ ሰው፣ ለንፍሮ የሚሆን ውሃ የለም። ለምን? በሰሌዳው።

ድሮ እንዲህ ነበር፦ መርዶ የተነገረበት ቤት ሰው ለውሃ አይወጣም። ጎረቤት ለነሱ ብሎ ድንጋይ ከሁሉም ፊት ያስቀምጣል። ያገኘውን ድንጋይ። አንዱ አንድ፣ ሌላው ሌላ። ለቅሶ ቤት ነው ከተባለ ማንም አይጠይቅም፤ ስንትም ይሁን ቀድመው ይቀዳሉ። ለአራስም እንዲሁ። ማንም ደንብ ብሎ አልጻፈውም፣ ስለዚህ ግ. ወረቀት ላይ የለም።

አሁን ቆርቆሮው ለአንድ ቤት አንድ ነው። የእትዬ ብርቄ ቆርቆሮ የት ነው? እቤቷ ውስጥ፣ አንድ ቦታ። ልጇን እያለቀሰች ያለች እናት ፊት ቆሞ ቆርቆሮሽን ስጪኝ የሚል ማን ነው? ማንም። ቢገኝስ? አንድ ጀሪካን። ጎረቤት ድንጋይ ሊያስቀምጥ ቢል ድንጋይ ቀርቷል። ጋሽ ወልዴ ቁጥር ካልሆነ አልጠራም አሉ፤ ቀበሌው እንደዚያ ብሏቸዋል። ሲከራከሩ ውሃው ሄደ።

በጣም የጮኸችው ማን መሰለችህ? እትዬ ዘነበች። ከእትዬ ብርቄ ጋር የማትነጋገረዋ። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ግ. ፊት ቆመች። ቁጥር ያለቅሳል ወይ ልጄ አለችው። ሌላም አለችው። እሱ መሬት መሬት ያያል። ዘይነባ ጀሪካኗን አንስታ ሄደች።

ልቤ ቅቤ ጠጣ። አልዋሽህም። እንዲህ ደስ ያለኝ መቼ እንደሆነ አላስታውስም። ደግሞ ወዲያው በላይ ትዝ አለኝ፣ ደስታው አፌ ውስጥ ሻገተ። ቢሆንም ደስታ ነበር።

ዓርብ፣ ግንቦት 26።

ሰሌዳው ተሰቅሏል፣ ሰው ግን እያጉረመረመ ነው። ቲቸር እሁድ መቅረቡ አይቀርም ብሏል፤ የወደቀ ነገርም ይቀርባል፣ ለምን እንደወደቀ ይነገራል። መፋቂያህንም ማቅረብ ትችላለህ አለኝ። አልፈልግም። ሌላ አለኝ።

ሰሌዳው ምን እንደጎደለው ገባኝ። ከፊት ሁለት ምስማር። እዚያ ላይ ቁጥር የሌለው ክብ ቆርቆሮ። ቤት ለቤት አይታደልም፤ ጋሽ ወልዴ ጋ ይቀመጣል። ለለቅሶ ቤት ወይ ለአራስ የሚቀዳ ጎረቤት ማንም ይሁን ያንን ይሰቅላል፣ ከሁሉ በፊት ይቀዳል፣ ሌላው ጎረቤት ደግሞ ይሰቅላል። በቃ። ከዳምጤ አባት መቀስ ተውሼ ቆረጥኩ። ጠርዙን በድንጋይ ሞረድኩት፣ እጅ እንዳይቆርጥ።

ዕቅዴ፦ እሁድ ግ. ተናግሮ ሲጨርስ እነሳለሁ። መጀመሪያ በሱ ድምፅ እጀምራለሁ፣ ያንን ረጋ ያለውን። "ቁጥር አንድ ሙት፣ ቁጥር ሁለት አልቃሽ፣ ተራችሁን ጠብቁ።" ሕዝቡ ሲስቅበት ክብ ቆርቆሮዬን ከኪሴ አወጣለሁ። ወርክሾፑ ያኔ ወደማን እንደሚያይ እናያለን። መስታወት ፊት ተለማመድኩት። ቁርጥ እሱን ነው።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 27።

የግርማ እናት ጠዋት ውሃ ልትበደር መጣች። እናቴ ደነገጠች፤ በነሱ ተራ ግርማ ሲቀዳ አይታዋለች። ሴትየዋ ሳቅ አለች። ከማክሰኞ ጀምሮ የኛን ቤት ውሃ ለቅሶ ቤት ነው የሚወስደው፣ አትንገሪ ብሎኛል አለች። ነገረች።

ወጥቼ አየሁት። ጀሪካኑን ሽቅብ ይጎትታል። ድንኳኑ በር ላይ ያስቀምጣል፣ ሳይገባ ይመለሳል። አፍሮ። እጀታው መዳፉን ልጦታል፣ ጨርቅ ጠምጥሞበታል።

ምን እንደተሰማኝ ታውቃለህ? አዘንኩለት ብዬ ብጽፍ ደስ ይል ነበር። አይደለም። ቀናሁ። እኔ ከመቀስና ከመስታወት ጋር ስውል እሱ ውሃ ያመላልሳል። በላይ እሱን አላሻገረም፣ እኔን ነው ያሻገረው! ያ ጀሪካን የኔ መሆን ነበረበት። በደግነት እንኳ ቀደመኝ።

ዕቅዱ ግን አይለወጥም።

እሁድ፣ ግንቦት 28። ከስብሰባው መልስ።

ቸኩዬ ነው የምጽፈው፣ ፊደሉን ታገስ።

መፈክር፣ ንግግር፣ ደግሞ መፈክር። አንድ ቡድን የዶሮ ቤት አሳየ። ከዚያ ግርማ። ሰሌዳውን ከግድግዳ ነቅለው መድረክ አምጥተውታል። ምን እንዳየ፣ ማንን እንደጠየቀ፣ እንዴት እንደሠሩት አንድ በአንድ ተናገረ። ጥሩ ተናገረ። ዘይነባ ቆርቆሮ እየሰቀለች አሳየች። እትዬ ዘነበች ከመሃል ተነሳች። ዛሬ አልጮኸችም።

"ጥሩ ነው ልጄ። ለለቅሶ ቤትስ ምን አሰባችሁ?"

ዝም። ግርማ ዘይነባን አየ። ዘይነባ ወረቀቷን። ከዚያ ግርማ ቀና ብሎ ሕዝቡ ውስጥ ፈለገ፣ ፈለገና እኔን አገኘ። እንደ ድሮው። ዘብ ቆሞ ሰው ሲመጣበት እንደሚያየኝ።

ይህንን ዝምታ ስጠብቅ ነበር የሰነበትኩት። ተነሳሁ። ገና አፌን ሳልከፍት አዳራሹ ሳቀ። የቀበሌው ሊቀመንበር ያ ልጅ ይቀመጥ አሉ። ቲቸር አሰፋ ይናገር አለ።

የተለማመድኩት ጠፋኝ አይደለም፤ ምላሴ ላይ ነበር። ግን ሳቃቸው ቀድሞ ሲመጣ ግርማ ሽንት ቤቱ ጋ ያለኝ ትክክል ሆኖ አገኘሁት፣ ያ ደግሞ አናደደኝ። ትክክል እንዳይሆን ፈለግኩ። ሳቁ እስኪያልቅ ቆሜ ጠበቅኩ። ከዚያ መድረኩ ላይ ወጣሁ፣ ሁለት ምስማር ከፊት መታሁ፣ ክቦቹን ሰቀልኩ፣ እንዴት እንደሚሠራ ተናገርኩ። በራሴ ድምፅ። አጭር ነበር።

ሊቀመንበሩ ሌባ ሁሉ ለቅሶ ቤት ነኝ እያለ ቢቀድምስ አሉ። ጥያቄው ጥሩ ነበር፣ አላሰብኩበትም። ያገኘሁትን መለስኩ፦

"ጓድ ሊቀመንበር፣ የዚህን ሰፈር ድንጋይ ሁሉ ያዘዋወርኩት እኔ ነኝ። የለቅሶ ቤት ድንጋይ ግን ነክቼ አላውቅም። እኔ ያልነካሁትን ማን ይነካዋል?"

ሳቁ። ይሄኛው ሳቅ ሌላ ነው፤ ልነግርህ አልችልም። ጋሽ ወልዴ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ መቱ፣ ልክ ነው አሉ። እትዬ ዘነበች ሳህኔን ከብርቄ ድንጋይ ጎን የምታስቀምጥ አንተ ነበርክ እንዴ ብላ ከኋላ ጮኸች። ቆይቶ ትይዘኛለች።

ሰሌዳው አሸነፈ። ቲቸር ቡድኑ የማንና የማን ነው ሲል ግርማ ሦስት ነን አለ፣ ተካም አለበት። ቲቸር አየኝ፣ መዝገቡ ላይ ስሜን ጻፈ። ወርክሾፑ ግን ለአንድ ሰው ነው፤ ማን እንደሚገባ ማክሰኞ ሦስታችሁ እጅ አውጥታችሁ ትመርጣላችሁ አለ።

ሰኞ፣ ግንቦት 29። ከሰዓት።

ግርማ አጥር ጋ ጠርቶኝ ነበር። ስለ ኳስ አወራን፣ ስለ በላይ አወራን። ሊሄድ ሲል፦

"ነገ እጄን ላንተ ነው የማወጣው። እኔ ሚኒስትሪን አልፋለሁ፣ አንተ..." አለና ዋጠው።

ዋጠው ግን ሰማሁት። አንተ አታልፍም ነው። ለቡ ነህ ነው። ምጽዋት ይሰጠኛል! በእጁ ጨርቅ ጠምጥሞ ቆሞ፣ ደግሞ የልቡን ነው የሚናገረው፤ ይሄ ነው የሚገድለኝ። ቢዋሽ እታገሠው ነበር።

አመሰግናለሁ አልኩት። ገብቼ አልጋው ላይ ተገላበጥኩ። ለራሴ ላውጣ? ይገባኛል። ሁለቱ ምስማሮች የኔ ናቸው። ወርክሾፑን እፈልገዋለሁ፣ ከሱ በላይ እፈልገዋለሁ፤ ያን መነጽር በሕልሜ ሁሉ አድርጌዋለሁ። ለራሴ ባወጣ ሁለት ድምፅ አለኝ፣ አለቀ ደቀቀ። ከዚያስ? ዕድሜ ልኬን እሱ የሰጠኝ ሰው ሆኜ ልኖር። ሲያልፍ ሲያገድም ደግ ፊት ሊያሳየኝ። የለም!

ወስኛለሁ። ነገ ቲቸር አሰፋ ጥያቄውን ሳይጨርስ እጄን ለግርማ አወጣለሁ። ከሱ ቀድሜ። በዚህኛው እንኳ አይቀድመኝም። እሱ ለኔ፣ እኔ ለሱ፣ እኩል እንሁን። ለቡም ከሆነ ለቡ፣ ድንጋይ እንደሆነ እናውቃለን።

የቀረችው ዘይነባ ናት። ዛሬ ሱቁ ጋ ሳልፍ ጠራችኝ፣ ለማን ታወጫለሽ ብዬ ልጠይቃት ነበር፣ ክብሪት ገዝቼ ተመለስኩ። ለኔ ካወጣች እኔ ወርክሾፕ ነኝ፣ ግርማ ደግሞ ከሷ ጋር ዘጠነኛ። ለሱ ካወጣች ደግሞ እኔ ለቡ ሆኜ እሷ ለሱ እጇን እንዳወጣች እያሰብኩ ድንጋይ እፈልጣለሁ። በየትኛውም ቅናቱ የኔ ነው።